ቁልፍ የማይጠይቅ ኮምፒውተር

የምርቃት መጽሔታችን ሲዘጋጅ፣ በአንዱ ኮምፒውተር በፓወር ግዕዝ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት የላቲን ፊደልና ምልክት ተዘበራርቆ ይወጣ እንደነበር የምታስታውሱ አላችሁ። ቫይረስ ነው የሚሉ ነበሩ። ነገሩ ሌላ ነው፤ በዚያ ዘመን እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ ፊደሉን በራሱ የቁጥር ቅደም ተከተል ስለሚይዝ፣ ፕሮግራሙ በሌለበት ቤት ጽሑፉ አይነበብም። ዛሬ የምጽፈው በዚያው ዘመን ሌላ መንገድ ስለያዙ ሰዎች ነው። ሐኪም ይሄ ምን አገባት የምትሉ ትንሽ ታገሡኝ።

ሪቻርድ ስቶልማን የተባለ አሜሪካዊ የፕሮግራም ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1983 ግኑ የሚባል ሙሉ በሙሉ ነጻ የኮምፒውተር ሥርዓት እሠራለሁ ብሎ አስታወቀ። ነጻ ሲል በብላሽ ማለቱ አይደለም። ማንም እንዲጠቀምበት፣ ውስጡን ከፍቶ እንዲያይ፣ እንዲያሻሽለውና ለጎረቤቱ እንዲያካፍለው የተፈቀደ ማለቱ ነው። በ1991 ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለ የፊንላንድ ተማሪ የሥርዓቱን አስኳል፣ ሊኑክስን፣ ጀመረ፤ በዓመቱ በግኑ ፈቃድ ሲለቀው ሁለቱ ተገጣጠሙ።

እኔን የሚገርመኝ ፊደላችን እዚህ ቤት ቀድሞ መግባቱ ነው። ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ግዕዝን በላቲን ቁልፎች በድምፁ የመጻፊያ ዘዴ አዘጋጁ፤ በእንግሊዝኛ ስሙ አጽሮት ሴራ ይባላል። ናኦቶ ታካሃሺ የተባለ ጃፓናዊ ደግሞ ግዕዝን ኢማክስ በሚባለው የግኑ ጽሑፍ ማዘጋጃ ውስጥ እንዲሠራ አደረገ። ሐምቡርግ ውስጥ ብርሃኑ በየነ ከጀርመን ባልደረቦቹ ጋር ላቴክ ለተባለው የኅትመት ፕሮግራም የአማርኛ ፊደል ሠራ። ዩኒኮድ ግዕዝን ያካተተው በ1999 ነው፤ ኢማክስ ግን ከዚያ በፊት በ1997 በወጣው እትሙ ይጽፈው ነበር። የጃፓኑ ሰው የማንንም ኩባንያ በር አላንኳኳም፤ ኮዱ ክፍት ስለነበር ገብቶ ሠራ። የኢማክስን የሰላምታ ገጽ የከፈተ ዛሬም ከብዙ ቋንቋዎች መካከል «ሠላም» የሚል ያገኛል። በንጉሡ ሠ! የቅኔ መምህር ቢያየው ይቆጣ ነበር።

እዚያው ኢማክስ ውስጥ ያለው የቀን መቁጠሪያ ነው እኔን የማረከኝ። ከዞብል ተራራ ግርጌ ያለው የራያ ቆላ እናት የመጨረሻ የወር አበባዋን ቀን በቁጥር አትነግራችሁም። አንዷ «ከገብርኤል ማግሥት» ትላለች፣ ሌላዋ «ረመዳን በገባ በሳምንቱ»። መቁጠሪያው ደግሞ የኢትዮጵያንም የእስልምናንም ዘመን አቆጣጠር ያውቃል። የእርግዝናን ሳምንት ለምታሰላ አዋላጅ ነርስ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ቆቦ አካባቢ በሠራሁበት ጤና ተቋም የነበሩት ኮምፒውተሮች ሱቅ የጫነላቸው ክራክ የሆነ ዊንዶውስ ነበራቸው። ፍላሽ በተሰካ ቁጥር ቫይረስ ይገባል፤ ፎልደሩ ሁሉ ሾርትከት ይሆንና የወሩ ሪፖርት ይጠፋል። አንቲቫይረሱ በበኩሉ ኢንተርኔት ካላገኘ አይታደስም። በአንዱ አሮጌ ማሽን ላይ ትሪስክልን ጫንኩ። ይህ በስፔን ጋሊሺያ የተጀመረ፣ አንዳች ዝግ ነገር የማይጨመርበት ሥርዓት ነው። ጽሑፉም ሠንጠረዡም ሠራ። ወርሃዊ ሪፖርት የምናስገባበት ዲኤችአይኤስ 2 ራሱ በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የተሠራ፣ ኮዱ ክፍት የሆነ ፕሮግራም ስለሆነና በብራውዘር ስለሚከፈት፣ በዚያ በኩል ችግር አልገጠመንም።

ላፕቶፑ ላይ ግን ዋይፋዩ እንቢ አለ። ብዙዎቹ የዋይፋይ ቺፖች ፈርምዌር የሚባል ዝግ ፕሮግራም ካልተጫነላቸው አይነሡም፣ ሙሉ ነጻ ሥርዓት ደግሞ እሱን አይቀበልም። መፍትሔው በኬብል መጠቀም ወይም ፈርምዌሩ ነጻ የሆነለትን አቴሮስ 9271 ቺፕ የያዘ ዩኤስቢ መሰካት ነው። እኔ ወልድያም ደሴም አጥቼው ከአዲስ አበባ ነው ያስመጣሁት። አንጋፋው ዴቢያን እንኳ በ2022 አባላቱ ድምፅ ሰጥተው ዝግ ፈርምዌሮችን ከመጫኛው ጋር ለማካተት ተስማሙ። አልፈርድባቸውም፤ በሽተኛ የሚጠብቃት ሐኪም ዩኤስቢ ፍለጋ ከተማ ለከተማ ልትዞር አትችልም።

ሐምሌ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ቆቦ ሲደርስ መብራትም ስልክም ኢንተርኔትም ጠፋ። ነጻ ሶፍትዌር ኮምፒውተርን ከዘረፋ አያድንም፤ የእኛዎቹም ሄዱ። ልዩነቱ የታየው በኋላ፣ ያገለገሉ ማሽኖች በእርዳታ ሲመጡ ነው። ገና ኔትወርክ ሳይስተካከል፣ ቁልፍና ምዝገባ የሚጠይቅ ሳይኖር፣ በአንዲት ፍላሽ በአንድ ከሰዓት ሁሉንም ጫንናቸው። ካርድ ክፍል የምትሠራው ልጅ ከኪቦርዱ ዝርዝር ውስጥ ሴራ የሚለውን ሳሳያት፣ «ዶክተር፣ ደግሞ ምን ልናሴር ነው?» ብላ ሳቀች። የታካሚዎቿን ስም አሁን የምትጽፈው በእሱ ነው።