እስከ ጉልበት የሚያሰምጥ በረዶ

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የጻፍኩት፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ነገሩ የጀመረው ክፍል ውስጥ ነው። አንዱ ተማሪዬ ደብተሩ ስር ስልክ ደብቆ ሲያይ ያዝኩት። ልቀማው ብዬ ጠጋ ስል ቪዲዮው እኔንም አስቀረኝ። የጃፓን ገጠር ነው፤ ሺራካዋጎ የሚባል መንደር። ጣሪያቸው ሹል የሆነ የሣር ቤቶች ግማሽ አካላቸው በረዶ ውስጥ ተቀብሯል፣ በየመስኮቱ ቢጫ መብራት ይታያል፣ ቱሪስቶች ከአውቶብስ እየወረዱ አስጎብኚያቸውን ይከተላሉ። ጠዋት ከከተማ ተነስተው፣ መንደሩን አይተው፣ ማታ ይመለሳሉ።

«ቲቸር፣ እዚህ ውስጥ ሰው ይኖራል?» አለኝ።

«ይኖራል እንጂ።»

«ወይኔ! ምናለ እኛም አገር በረዶ ቢኖር!»

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅኩም። እስቲ አስቡት፤ ልጁ የደባርቅ ልጅ ነው። ከክፍላችን መስኮት አሻግሮ ሲያይ የሚታየው የስሜን ተራራ ነው። በረዶ ምን እንደሚመስል ለማወቅ ግን ጃፓን ድረስ ሄደ። ለነገሩ ጥፋቱ የእሱ አይደለም፤ እኛ አልነገርነውም። ስለዚህ የዚያን ቀኑን ትምህርት ትቼ ስለ አንድ ድንጋይ ነገርኳቸው። ለእናንተም ልንገራችሁ።

ጊዜው ስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው፤ እ.ኤ.አ. 525 ገደማ። አጼ ካሌብ ባሕር ተሻግረው ወደ ሒምያር ለመዝመት በሚዘጋጁበት ወቅት፣ ኮስማስ የሚባል የግብፅ ነጋዴ አዱሊስ ወደብ ላይ ነበር። ከተማው ደጅ ላይ ከእብነ በረድ የተሠራ፣ በግሪክ ፊደል የተጻፈበት አንድ አሮጌ ዙፋን ቆሟል። ንጉሡ ጽሑፉ ተገልብጦ እንዲላክላቸው የአዱሊሱን ገዢ አዘዙ፤ ገዢው ደግሞ ሥራውን ለኮስማስና ለአንድ ጓደኛው ሰጣቸው። ኮስማስ አንዱን ቅጂ ለራሱ አስቀረና በኋላ በመጽሐፉ ውስጥ አስገባው። ዙፋኑ ዛሬ የለም፤ ያ ነጋዴ ለራሱ ያስቀራት ቅጂ ግን እኛ ዘንድ ደረሰች።

ጽሑፉ ከካሌብም በጣም የቀደመ፣ በሦስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን አካባቢ የነገሠ የአክሱም ንጉሥ የዘመቻ ታሪክ ነው። የንጉሡ ስም አልቀረልንም። ያስገበራቸውን ሕዝቦች አንድ በአንድ ሲቆጥር ስሜኖች ላይ ይደርሳል። ቃሉን በራሴ አባባል ላስቀምጠው፦ ከወንዙ ማዶ፣ ለመውጣት አስቸጋሪ በሆኑና በረዶ በለበሱ ተራሮች ላይ ይኖራሉ፤ እዚያ ዓመቱን ሙሉ ውርጭና በረዶ አለ፤ በረዶውም ሰውን እስከ ጉልበቱ ያሰምጣል፤ ወንዙን ተሻግሬ ወጋኋቸው ይላል። ጽሑፉ ወንዙን ዓባይ ይለዋል፤ ከአክሱም ተነስቶ ወደ እኛ ለሚመጣ ሠራዊት ግን የሚሻገረው ተከዜን ነው።

ልብ በሉ። ከአንድ ሺህ ሰባት መቶ ዓመት ገደማ በፊት ስማችን በድንጋይ ላይ የተጻፈው ከበረዶው ጋር ነው። ስሜን የሚለው ስም ያኔም ስሜን ነበር። ደግሞ ድንጋዩ «በረዷማ ተራራ አየሁ» ብሎ አላለፈም፤ «እዚያ የሚኖሩ ሰዎች» ነው ያለው። ይቺን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

ከዚያ በኋላ የመጡት ፈረንጆች በዚህ በረዶ ጉዳይ መጨቃጨቃቸው ያስቃል። የፖርቱጋል ዘመን ኢየሱሳውያን ስሜን ላይ በረዶ አለ ብለው ጽፈው ነበር። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 በሊማሊሞ በኩል ወጥቶ ወደ ጎንደር አለፈ። የኛን ብርድ ቀምሶ ሲያበቃ እዚህ አገር በረዶ የሚባል ነገር የለም ብሎ ጻፈ። አርባ ዓመት ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1810 እንግሊዛዊው ሄንሪ ሳልት በትግራይ በኩል ሆኖ የስሜንን ጫፎች በረዶ ለብሰው አያቸውና ብሩስን አረመው። በ1832 ደግሞ ጀርመናዊው ሩፔል ራሱ ስሜን ገብቶ ተዘዋወረ፤ ዋልያን ለዓለም ሳይንስ ያስተዋወቀው እሱ ነው። እንግዲህ ፈረንጆቹ በመጽሐፍ ሲከራከሩ፣ አያቶቻችን ገብሳቸውን ውርጭ እንዳይመታባቸው ሲጸልዩ ነበር። የጠየቃቸው ግን አልነበረም።

ቋንቋችን ራሱ ምስክር ነው። ዛሬ ከሰማይ የሚወርደውን ጠጠሩንም፣ ጥጥ የመሰለውንም፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ የሚረጋውንም በጅምላ «በረዶ» እንላለን። ግዕዝ ግን ለጠጠሩ «በረድ»፣ ለጥጥ መሳዩ «ሐመዳ» ብሎ ለይቶ ያስቀምጣል። አማርኛም «አመዳይ» የሚል ቃል አለው። ያላየውን ነገር ስም የሚያወጣለት ሕዝብ አለ እንዴ?

እውነቱን ለመናገር የስሜን በረዶ እንደ ጃፓኑ ወራት አይቆይም። ራስ ደጀን (4,543 ሜትር) እና ቧሂት (4,430 ሜትር) ጫፍ ላይ አንዳንዴ ይጥላል፣ ፀሐይ ሲመታው ይቀልጣል። በበረዶው ዘመን ግን እነዚህ ጫፎች እውነተኛ የበረዶ ግግር ተሸክመው ነበር። ግግሩ እየገፋ የቆለለው የድንጋይ ክምር ዛሬም እዚያው አለ።

ይህን ሁሉ ካወራሁ በኋላ ተማሪዎቼ «ታዲያ ውሰደና!» አሉኝ። ምን ላድርግ፣ አፌ ነው ያስያዘኝ። ብር አዋጥተን አንድ አነስተኛ አውቶብስ ተኮናተርን፣ አስጎብኚና ጠብመንጃ የያዘ ስካውት ይዘን፣ ጥቅምት መጨረሻ ላይ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከደባርቅ ተነሳን። ግማሾቹ ጋቢ ደርበው፣ ግማሾቹ በኮንጎ ጫማ። አብዛኞቹ እዚሁ ተወልደው ያደጉ ናቸው፤ ፓርኩን ገብተው ሲያዩ ግን የመጀመሪያቸው ነው። እንግዳው ከለንደን መጥቶ የሚያየውን የደባርቅ ልጅ በፎቶ ነው የሚያውቀው።

ሳንቃበርን አለፍ ብለን ስንወርድ ሣሩ ነጭ ነበር። ውርጭ ነው፤ ስትረግጠው ቅርጭጭ ይላል። ያ ስልኩን የያዝኩበት ልጅ ጎንበስ ብሎ አፈሰና አፉ ውስጥ ከተተው። «ቲቸር፣ ውሃ ውሃ ይላል!» ብሎ ሁላችንንም አሳቀን። ጭላዳዎቹ ገና ፀሐይ እየጠበቁ ተቃቅፈው ተቀምጠዋል።

ጅንባር ፏፏቴ ላይ ቆመን ሳለ አንዲት ዝምተኛ ተማሪዬ ማዶውን በጣቷ አሳየችኝ። «ቲቸር፣ የአባቴ ቤት እዚያ ላይ ነበር። ግጭ።»

እዚህ ላይ ነው ያቺን የያዛችኋትን ነገር የምመለስባት።

ለማታውቁት፣ ግጭ ፓርኩ ውስጥ የነበረ መንደር ነው፤ ከደጋም ደጋ፣ ገብስና በግ ያለበት። ፓርኩ በ1962 ዓ.ም. በሕግ ተቋቋመ፤ በ1970 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1978) ዩኔስኮ ከመዘገባቸው ከመጀመሪያዎቹ አሥራ ሁለት የዓለም ቅርሶች አንዱ ሆነ፤ ከኛው ላሊበላ ጋር። በ1996 እ.ኤ.አ. ግን ዋልያው እየተመናመነ፣ እርሻውና ግጦሹ እየገፋ ነው ተብሎ አደጋ ላይ ያሉ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ገባ። ከረጅም ድርድር በኋላ የግጭ ነዋሪዎች ወደ ደባርቅ ተዛወሩ፤ ዝውውሩ የተጠናቀቀው በ2008 ዓ.ም. ነው። በዓመቱ ስሜን ከአደጋ ዝርዝሩ ወጣ፤ ጨፈርን።

አትሳሳቱብኝ። ሣሩ አልቆ ነበር፣ ዋልያው እውነትም ሊጠፋብን ነበር። ዋልያ ደግሞ ከኛ በቀር ማንም ጋ የለም። ይህን የሚክድ መምህር ታሪክ አያስተምር። እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። ሰዎቹን ስናወርድ ትዝታቸውንም አብረን አራገፍነው።

ሺራካዋጎን እንየው። እሱም የዩኔስኮ ቅርስ ነው፤ በ1995 እ.ኤ.አ. ተመዘገበ። እዚያ ቅርሱ ሰዎቹና ቤቶቻቸው ናቸው። ወጣቱ ወደ ከተማ ሲፈልስ፣ ቤቶቹ ሲፈርሱና ሲሸጡ፣ ነዋሪዎቹ በ1971 እ.ኤ.አ. ተሰብስበው ሦስት ነገር ተማማሉ፦ አንሸጥም፣ አናከራይም፣ አናፈርስም። የሣር ጣሪያው ሲያረጅ ጎረቤት ሁሉ ተጠራርቶ በጋራ ይከድነዋል። «ዩዪ» ይሉታል፤ እኛ ደቦ የምንለው ነው። ቱሪስቱ ውጭ ሆኖ የሚያየው ሹል ጣሪያ በረዶው እንዳይከመርበት የተሠራ ነው፤ ውስጡ ደግሞ የሐር ትል ይረባበት የነበረ ሰገነት ነው። አስጎብኚው ይህን ሁሉ ሊያስረዳ የሚችለው የሚያውቁት ሰዎች እዚያው ስላሉ ነው።

ደግሞ አንድ የሚገርም መገጣጠም አለ። የስሜን ፓርክ የመጀመሪያው ዋርደን ክላይቭ ኒኮል የሚባል የዌልስ ሰው ነበር፤ ከ1967 እስከ 1969 እ.ኤ.አ. እዚህ ሠርቶ ስለ ስሜን መጽሐፍ ጻፈ። በኋላ የት ኖረ መሰላችሁ? ጃፓን፣ ናጋኖ ውስጥ፣ ክረምቱ በረዶ የሆነበት ኩሮሂሜ የሚባል ገጠር። የተራቆተ ጫካ እየገዛ እንደገና አለማው፣ የጃፓን ዜግነት ወሰደ፣ በ2020 እ.ኤ.አ. አረፈ። ከኛ በረዶ ወደነሱ በረዶ የሄደ ሰው ማለት ነው። ከተማሪዎቼ አንዱም ስሙን ሰምቶ አያውቅም ነበር።

ከጉዞው ከተመለስን በኋላ የልጅቷን አባት ቤታቸው ሄጄ አገኘኋቸው። ደባርቅ ዳር ላይ፣ የቆርቆሮ ቤት። ግጭ እንዴት ያለ ብርድ ነበር ብዬ ጠየቅኳቸው።

«መምህር፣ ብርዱ እንኳ ጌታ ነበር» አሉኝ። ቤቱን እንዴት ክብ አድርገው በጓሳ ሣር ይከድኑት እንደነበር፣ ከብቶቹ ውስጥ አድረው ቤቱን በትንፋሻቸው እንዴት እንደሚያሞቁት፣ የሌሊቱን ሰማይ አይተው ውርጭ እንደሚወርድ እንዴት እንደሚያውቁ አንድ ሰዓት ሙሉ አወሩልኝ። አንዱም የትም አልተጻፈም። ልጅቷ አጠገባችን ተቀምጣ ትሰማለች። ስንወጣ «ይሄን ለእኔ ነግሮኝ አያውቅም» አለችኝ።

«ጠይቀሻቸው ታውቂያለሽ?» አልኳት። ዝም አለች።

ወዳጆቼ፣ የአክሱሙ ንጉሥ እኛን ሊወጋ መጥቶ እንኳ ስለ በረዶአችንም ስለ ሰዎቻችንም አስጻፈ። ጠላት የጻፈልንን ያህል እኛ ለራሳችን አልጻፍንም። ከኮቪድና ከጦርነቱ ወዲህ እንግዳው ጠፍቷል፤ ብዙ አስጎብኚ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል። እንግዳው አንድ ቀን ይመለሳል። ያኔ ተራራውን ያሳየዋል፤ ጭላዳውንም ዋልያውንም ያሳየዋል። «እዚያ ማዶ ማን ነበር የሚኖረው?» ሲባልስ ማን ነው የሚመልሰው?

እኔ ተማሪዎቼን የቤት ሥራ ሰጥቻቸዋለሁ። እያንዳንዳቸው ከግጭ ወይም ከሌላ የደጋ መንደር የመጡ አንድ ትልቅ ሰው ጠይቀው ሁለት ገጽ ይጽፋሉ፦ ስለ ቤቱ፣ ስለ ብርዱ፣ ስለ እህሉ፣ ስለ ወጡበት ቀን። ደባርቅ፣ ዳባት፣ ጃናሞራ፣ በየዳ ያላችሁ እናንተም ከቤታችሁ ጀምሩ። በረዶ ሲጥል ያየ አባት ወይም እናት ያላችሁ ዛሬ ማታ ጠይቋቸውና እዚህ ሥር ጻፉልኝ፤ ለተማሪዎቼ አነብላቸዋለሁ።

ስልኩን ለልጁ መልሼለታለሁ። አሁን የጃፓኑን ቪዲዮ አጥፍቶ ውርጩ ላይ የተነሳውን ፎቶ ፕሮፋይሉ አድርጎታል።