ከካርኮቭ እስከ ሂውስተን፦ ያለ ማደንዘዣ የመውለድ ዘዴ ጉዞ

በ1951 ወደ ሶቪየት ኅብረት ከተጓዙት የፈረንሳይ ሐኪሞች አንዱ ፈርናንድ ላማዝ ነበር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዕድሜው ወደ ስልሳ የተጠጋ፣ በማዋለድ ሥራ የሸመገለ ሰው ነው። በሌኒንግራድ፣ ፕሮፌሰር ኒኮላዬቭ በሚመራው ክፍል፣ አንዲት ሴት ምጧን ከዳር እስከ ዳር ስትወጣው እንዲያይ ተፈቀደለት። ማደንዘዣ አልተሰጣትም። አልጮኸችም፤ አልተወራጨችም። ምጡ መጣ ባለ ቁጥር በዝግታ ትተነፍሳለች፤ ሲሄድ ደግሞ ታርፋለች። ላማዝ ወደ ፓሪስ ሲመለስ የኖረበትን ሙያ ከሀ ሁ ለመጀመር ቆርጦ ነበር።

ያየው ዘዴ የተወለደው ግን ሌኒንግራድ ሳይሆን በዩክሬኗ ካርኮቭ ነው። እዚያ ኮንስታንቲን ፕላቶኖቭ የተባለ ሐኪምና ባልደረባው ኢሊያ ቬልቮቭስኪ ከ1920ዎቹ ጀምሮ የምጥን ሕመም በሂፕኖሲስ ለማስታገስ ሲሞክሩ ቆይተዋል። ሂፕኖሲሱ ለአንዳንዷ ይሠራል፤ ችግሩ ሌላ ነበር። ለእያንዳንዷ ወላድ አንድ የሠለጠነ ባለሙያ ይፈልጋል፤ ሁሉም ሴት ደግሞ በሂፕኖሲስ አትያዝም። ለሚሊዮኖች የሚዳረስ ነገር አልነበረም። ስለዚህ ቬልቮቭስኪ በ1940ዎቹ መጨረሻ ሂፕኖሲሱን ትቶ ትምህርቱን ብቻ አስቀረ። ነፍሰ ጡሯ ከመውለዷ በፊት ስለ ማህፀኗ፣ ስለ ምጥ ደረጃዎችና በየደረጃው ምን ማድረግ እንዳለባት ትማራለች። ምጥ ሲመጣ በጥልቀት መተንፈስ፣ የሆድን ታችኛ ክፍል በጣቶች ጫፍ ቀስ አድርጎ ማሻሸት፣ የዳሌን አጥንት ጫፎች በአውራ ጣት መጫን፣ የምጡን ርዝመት መቁጠር። ዘዴው ሳይኮፕሮፊላክሲስ ተባለ።

የንድፈ ሐሳቡ ምንጭ ሩሲያዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ፓቭሎቭ ነው። ውሻ በደወል ድምፅ ምራቁን ማዝረብ ከተማረ፣ ሴትም ከልጅነቷ ጀምሮ በሰማችው ወሬ ምጥንና ሕመምን አንድ አድርጋ ማየት ተምራለች፤ የተማረችውን ደግሞ በሌላ ቃል ማስረሳት ይቻላል ነው ክርክሩ። ይህ ሐሳብ በሳይንስ ሚዛን ምን ያህል ይመዝናል የሚለው ብዙ ያከራክራል፤ በጊዜው ፖለቲካ ሚዛን ግን ከባድ ነበር። በ1950 የሶቪየት ሳይንስ አካዳሚና የሕክምና ሳይንስ አካዳሚ በጋራ ተሰብስበው የፓቭሎቭን አስተምህሮ የሁሉም መለኪያ አድርገውት ነበርና። በተከታዩ ዓመት ዘዴው በአገሪቱ ማዋለጃዎች ሁሉ ይሠራበት ዘንድ መንግሥት አዘዘ።

ከትእዛዙ ጀርባ የነበረውን እጥረትም ማየት ያስፈልጋል። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሚሊዮኖችን ጨርሷል፤ መንግሥት ሴቶች እንዲወልዱ ይገፋፋል፤ ፅንስ ማስወረድ ከ1936 ጀምሮ የተከለከለ ነው። ማደንዘዣውም፣ ማደንዘዣ የሚሰጠው ባለሙያም እንደልብ አይገኝም። ዘዴው መድኃኒት የማይጠይቅ መሆኑ በእርግጥ በጎ ጎኑ ነበር፤ ነገር ግን መድኃኒቱ ቢኖር ኖሮ ይህን ያህል ይወደስ ነበር ለማለት ይቸግረኛል።

ቀዳሚነቱም ያለ ተቀናቃኝ አልቀረም። እንግሊዛዊው ሐኪም ግራንትሊ ዲክ ሪድ በ1933 ባሳተመው መጽሐፍ ፍርሃት ሰውነትን እንደሚያስጨንቅ፣ የተጨነቀ ሰውነትም ሕመምን እንደሚያበዛ ጽፎ ነበር። ሶቪየቶቹ ይህን ሳይንስ ያልደገፈው ስብከት ነው ብለው አጣጣሉት። ከርቀት ለሚያየው ሁለቱም ሴቲቱን አስተምረው፣ አረጋግተው፣ ትንፋሿን እንድትገዛ ያደርጓታል፤ ልዩነቱ ከማዋለጃው ይልቅ በመጽሐፎቻቸው መግቢያ ላይ ይጎላል።

ላማዝ ዘዴውን ያስገባበት ቤት በፓሪስ 11ኛ ወረዳ፣ በብሉዬ መንገድ ላይ የነበረው የብረታ ብረት ሠራተኞች ማኅበር ማዋለጃ ነው። የሚወልዱበት የሠራተኛ ሚስቶችና ራሳቸው ሠራተኛ የሆኑ ሴቶች ናቸው፤ ቤቱን የሚያስተዳድረው ማኅበር ለኮሙኒስቶች የቀረበ ስለነበር ከሞስኮ ለመጣ ነገር በሩ ክፍት ነው። ከ1952 መጀመሪያ አንስቶ እዚያ የሚሠራ ሁሉ፣ ከሐኪሙ እስከ ጽዳት ሠራተኛዋ፣ እንደ አዲስ ሠለጠነ። በወላድ ፊት «ሕመም» የሚለውን ቃል መጥራት ነውር ሆነ። ላማዝ በሩሲያው ጥልቅ ትንፋሽ ላይ የራሱን ጨመረ፤ ምጡ ሲበረታ ፈጣንና ከላይ ከላይ የሆነ፣ የደከመው ውሻ ዓይነት ትንፋሽ። ስሙን በዓለም ያስጠራው ይኸው ትንፋሽ ነው።

ሌላም የጨመረው ነገር አለ፤ ያኔ ብዙም ልብ አልተባለለትም። ሞኒትሪስ የምትባል የሠለጠነች ሴት ወላዷን ከምጥ መጀመሪያ እስከ ልጁ መምጣት ሳትለያት አጠገቧ ትሆናለች። ትንፋሿን ትመራለች፤ ጀርባዋን ታሻሻለች፤ ፊቷን በእርጥብ ጨርቅ ትጠርጋለች። ከዚያ ደግሞ ትመዘግባለች። የብሉዬ ሰዎች እያንዳንዷን ወላድ ከ«እጅግ በጣም ጥሩ» እስከ «ፍጹም ውድቀት» በማዕረግ ይመድቡ ነበር። ማዕረጉን የሚሰጠው ተመልካቹ እንጂ ያማጠችው ሴት አይደለችም። ጮኸች ማለት ወደቀች ማለት ነው። ዝም ብላ የተሠቃየች ሴት ግን በመዝገቡ ላይ ስኬት ሆና ልትቀር ትችላለች። የዘዴውን የመጀመሪያ ዓመታት አኃዞች የሚጠቅስ ሰው ይህን ሳያነሣ ማለፍ የለበትም። እንግሊዛዊቷ የወሊድ ትምህርት አቀንቃኝ ሺላ ኪትዚንገር ከጊዜ በኋላ ጠንክራ የተቸችውም ይህንኑ የፈተና መንፈስ ነበር።

በካቶሊክ አገር ደግሞ የኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 3 ጥያቄ ነበር፤ ለእኛም አንባቢ እንግዳ አይደለም። ለሔዋን የተነገረው የጭንቅ ቃል ትእዛዝ ከሆነ፣ ከጭንቁ ማምለጥ ኃጢአት አይሆንም ወይ? በዚያ ላይ ዘዴው ከኮሙኒስቶች ዘንድ የመጣ ነው። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ በጥር 1956 በቫቲካን ለተሰበሰቡ ሐኪሞች ባደረጉት ንግግር ጉዳዩን ዘጉት። ዘዴው በራሱ ከሥነ ምግባር ጋር አይጋጭም፤ የመጽሐፉም ቃል ሕመምን ማስታገስን አይከለክልም፤ የአንድ ሳይንቲስት ፍልስፍና መሳሳትም ያገኘውን ነገር ውድቅ አያደርገውም አሉ። ላማዝ ይህን ለማየት ደረሰ፤ በመጋቢት 1957 ግን ሞተ። በዚያው ዓመት ተዋናዩ ዣን ጋባን ዘዴውን ለገጠር ሴቶች የሚያስተምር ሐኪም ሆኖ የተጫወተበት «የዶክተር ሎራን ጉዳይ» የተሰኘ ፊልም ለእይታ በቃ።

ወደ አሜሪካ የወሰዱት ሐኪሞች አይደሉም። ማርጆሪ ካርሜል በፓሪስ በላማዝ እጅ ወልዳ ወደ አገሯ ተመለሰች፤ በ1959 ስለዚያ የጻፈችው መጽሐፍ ብዙ ተነበበ። በተከታዩ ዓመት ከኤሊዛቤት ቢንግ ጋር ሆና ዘዴውን የሚያስፋፋ ማኅበር ኒው ዮርክ ላይ አቋቋሙ። ቢንግ በርሊን ተወልዳ ከናዚዎች በመሸሽ እንግሊዝ የገባች የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነበረች። በዚያ ዘመን ብዙ አሜሪካውያን እናቶች በስኮፖላሚንና በመሰል መድኃኒቶች ደንዝዘው፣ የሆነውን ሳያስታውሱ ነበር የሚወልዱት፤ ባሎችም ከማዋለጃው ክፍል ውጭ ይጠብቃሉ። ለሞኒትሪስ የሚከፍል ሆስፒታል አልተገኘም። ቦታዋን ባል ያዘ። ካርኮቭ ውስጥ ባል የሚባል ሰው በሥዕሉ ላይ አልነበረም፤ ኒው ዮርክ ላይ ሰዓት ይዞ ምጥ የሚቆጥረው፣ ትንፋሽ የሚመራው እሱ ሆነ።

እንግዲህ የሚረዳው ትንፋሹ ነው ወይስ አጠገብ የሚሆነው ሰው? ይህን በወጉ የፈተሹት ከላማዝ ትምህርት ቤት ውጭ የነበሩ ሰዎች ናቸው። ማርሻል ክላውስና ጆን ኬኔል የተባሉ የሕፃናት ሐኪሞች ከባልደረቦቻቸው ጋር ጓቴማላ ውስጥ ያደረጉት ጥናት በ1980 ታተመ። ከወላዷ ጋር የማትተዋወቅ፣ የሕክምና ትምህርት የሌላት ሴት አጠገቧ ትቀመጣለች፤ ጀርባዋን ታሻሻለች፣ እጇን ትይዛለች፣ ታዋራታለች። የትንፋሽ ትምህርት የለም። ያለ ችግር የወለዱ 20 እናቶችን ለማግኘት አጋዥ ካላቸው መካከል 33 ሴቶች በቂ ሲሆኑ፣ አጋዥ ከሌላቸው ግን 103 መመዝገብ ግድ ሆነ። ሆስፒታል ከመግባት እስከ መውለድ ያለው አማካይ ጊዜም አጋዥ ላላቸው 8.8 ሰዓት፣ ለሌላቸው 19.3 ሰዓት ነበር። ሃያ ሃያ ሴት ጥቂት ነው፤ ስለዚህ በሂውስተን ቴክሳስ 412 እናቶችን ይዘው ደገሙትና በ1991 አሳተሙት።

የሂውስተኑ ጥናት ሦስት ምድብ ነበረው። ሦስተኛው ከ412ቱ ውጭ ለማነጻጸሪያ የተጨመረ ሲሆን፣ በውስጡ ያሉት እንደተለመደው ወለዱ። በአንደኛው አጋዥ ሴት ነበረች። በሁለተኛው ደግሞ ክፍሉ ጥግ ተቀምጣ የምትመዘግብ፣ ወላዷን አንዲት ቃል የማታናግር ሴት ነበረች። በተፈጥሮ መንገድ ያለ መሣሪያ እርዳታ ከወለዱት መካከል ኤፒዱራል የተባለውን የጀርባ ማደንዘዣ የወሰዱት በአንደኛው 7.8፣ በሁለተኛው 22.6፣ በሦስተኛው 55.3 በመቶ ነበሩ። በቀዶ ሕክምና መውለድም 8፣ 13 እና 18 በመቶ ሆነ። ተመራማሪዎቹ ያስቀመጧት ዝምተኛ ሴት መኖሯ ብቻ ከለውጥ ጋር ተያያዘ።

ይህ ማለት ማደንዘዣው ተሸነፈ ማለት አይደለም። ላማዝ በሠራባት ፈረንሳይ ራሷ በ2016 በተፈጥሮ መንገድ ከወለዱት ሴቶች ከ80 በመቶ በላይ ኤፒዱራል ወስደዋል። በ2017 የታተመው፣ ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝነው የኮክሬን ግምገማ 26 ጥናቶችንና 15,858 ሴቶችን መርምሮ ያልተቋረጠ ድጋፍ ያገኙ እናቶች ምጣቸው በመጠኑ እንደሚያጥርና የሕመም ማስታገሻ የመፈለጋቸው ነገር ጥቂት እንደሚቀንስ አገኘ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 ባወጣው መመሪያ የትንፋሽ ልምምድን፣ ማሻሸትንና ሙቅ ጨርቅን የሕመም ማስታገሻ ለምትፈልግ ሴት እንደ ምርጫ ሲያቀርብ፣ የመረጠችው ሰው አጠገቧ እንዲሆን ግን ለሁሉም ወላድ መከረ።