ብጫው ዱቄት መተማ እስኪደርስ

ሰሊጥ ሊያጭድ ወደ መተማና ሑመራ የወረደ ወጣት ወራት ቆይቶ ሆዱ ተነፍቶ፣ ትኩሳት አልለቅ ብሎት፣ አጥንቱ ብቻ ቀርቶ ሲመጣ ካላዛር መሆኑን ለመጠርጠር ብዙ አይፈጅብንም። እኔ ነርስነት ስጀምር በእጃችን የነበረው ከአንቲሞኒ የሚሠራው ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔት ነው፤ በየቀኑ አንድ መርፌ፣ ለ30 ቀናት። ሕመምተኛው ከመክሳቱ የተነሣ መርፌውን የምናሳርፍበት ሥጋ ይጠፋን ነበር። መድኃኒቱ ልብ ይነካል፤ ቆሽት ያስቆጣል። ኤችአይቪ ካለባቸው ሕሙማን ብዙዎቹ ሕክምናውን ሳይጨርሱ አርፈውብናል። «ሲስተርዬ፣ ስንት ቀረኝ?» የምትለው ጥያቄ ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለች።

አንቲሞኒ የቆየ ሕክምና ነው። ኡፔንድራናት ብራህማቻሪ የተባለው ህንዳዊ ሐኪም ዩሪያ ስቲባሚንን ካልካታ ውስጥ የሠራው በ1920ዎቹ መጀመሪያ ነው (ዘመኑን የምጠቅሰው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው)። በ1997 ዓ.ም. በኛ አቆጣጠር፣ ሊቦ ከምከም ወረዳ ላይ ወረርሽኝ ተነሥቶ ሰዉ መጀመሪያ በወባ ስም ሲታከም ከርሞ ካላዛር መሆኑ ሲታወቅም፣ ዋናው መድኃኒታችን ያው አንቲሞኒ ነበር።

ዛሬ ናኖ ሕክምና የሚባለው፣ መድኃኒትን በጥቃቅን ቅንጣት ጠቅልሎ የማድረስ ዘዴ ግን ከሊቦ ከምከም አርባ ዓመት ቀድሞ ተጀምሯል። እንግሊዝ አገር፣ ካምብሪጅ አጠገብ ባብራሃም በሚባል የምርምር ተቋም፣ አሌክ ባንግሃም ፎስፎሊፒድ የተባለውን ቅባት ከውሃ ጋር አዋሕዶ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲያየው ቅባቱ ራሱን በራሱ ወደ ጥቃቅን ከረጢቶች ይለወጣል። ውጤቱን በ1964 አሳተመ። ሊፖዞም የሚባሉት እነዚህ ከረጢቶች ናቸው።

ደም ውስጥ የገባን ባዕድ ቅንጣት የሚውጡት ማክሮፌጅ የተባሉት ሴሎች ናቸው፤ በብዛት የሚገኙትም በጣፊያ፣ በጉበትና በመቅኔ ውስጥ ነው። የካላዛር ተሐዋስ የሚራባውም እነዚሁ ሴሎች ውስጥ ገብቶ ነው። ስለዚህ ሊፖዞሙ መንገድ መሪ አያሻውም፤ ሴሉ ራሱ ውጦ ጠላቱ ደጃፍ ያደርሰዋል። በ1978 አሜሪካውያን ተመራማሪዎች አንቲሞኒን በሊፖዞም ጠቅልለው ካላዛር ለያዛቸው ሃምስተሮች ሰጡ፤ ካልተጠቀለለው ከ700 ጊዜ በላይ በረታ። እንዲህ ያለ ውጤት ተገኝቶ ለድሃ በሽታ መድኃኒት ለማውጣት የተጣደፈ አልነበረም። ይህ አሁንም ያንገበግበኛል።

ሊፖዞም ገበያ የወጣው በሌላ በር ነው። አምፎቴሪሲን ቢ በ1950ዎቹ ከቬንዙዌላ አፈር በተገኘ ባክቴሪያ የተሠራ የፈንገስ መድኃኒት ነው፤ ኩላሊት ይጎዳል፣ ያንቀጠቅጣል። ጉዳቱን ለመቀነስ ከ100 ናኖሜትር ባነሰ ሊፖዞም ውስጥ አስገቡትና አምቢዞም ተባለ። በፈረንጆቹ 1997 አሜሪካ ስትፈቅደው ካላዛርም አብሮ ተካተተ።

እኛ ዘንድ የሚደርሰው ብጫ ዱቄት ሆኖ ነው፤ አንዱ ብልቃጥ 50 ሚሊግራም ይይዛል። 12 ሚሊ ሊትር የመርፌ ውሃ ጨምረን ቢያንስ 30 ሰከንድ በኃይል እንንጠዋለን፤ ከዚያ በማጣሪያ አሳልፈን ግሉኮስ ውስጥ እንጨምረዋለን። ጨዋማው ፈሳሽ፣ ኖርማል ሳላይን፣ ከነካው ይበላሻል። ለአዲስ ነርስ መጀመሪያ የማስተምረው ይህን ነው። ብልቃጡ ከ25 ዲግሪ በታች መቀመጥ አለበት፤ መተማ ደግሞ በበጋ ከ40 ታልፋለች። ማቀዝቀዣው ሲቆም የሰው ሕይወት የቆመ ያህል እደነግጣለሁ።

ዋጋው በድሃ አገር አቅም የሚደፈር አልነበረም። አምራቹ ጊሊያድ በ2011 ከዓለም ጤና ድርጅት ጋር ተስማምቶ በነጻ መስጠት ጀመረ። ከዚያ በፊት በ2010 ህንድ ውስጥ አምቢዞምን በኪሎ 10 ሚሊግራም አድርጎ በአንድ ቀን፣ በአንድ ጊዜ መስጠት ብቻውን ከ100 ሕሙማን 95 ያህሉን እንደሚያድን ታይቶ ነበር። እኛም ጓጓን። ኢትዮጵያና ሱዳን ላይ ያው መጠን ሲሞከር ግን ብዙዎቹ ስላልዳኑ ጥናቱ ተቋረጠ። መድኃኒቱ አንድ ሆኖ ሳለ የምሥራቅ አፍሪካው ካላዛር እንደ ህንዱ አልተበገረም።

አሁን ተመራማሪዎች አምፎቴሪሲንን በቅባት ቅንጣት አዋሕደው በአፍ የሚዋጥ ለማድረግ እየጣሩ ነው፤ በካናዳ የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው ሥራ አንዱ ነው። ሙቀት ቢችልና ቢዋጥ ለአጫጁ ሠራተኛ ምን ማለት እንደሆነ እኔ አውቃለሁ። ብቻ ህንድ ላይ ተፈትኖ እስኪያልቅ እኛ ዘንድ እንዳይዘገይ። እዚሁ ማጥናት እንደሚቻል ታይቷል፤ ኤችአይቪና ካላዛር ለተደረቡባቸው የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 አምቢዞም ሚልቴፎሲን ከተባለው መድኃኒት ጋር እንዲሰጥ ሲመክር፣ ለምሥራቅ አፍሪካ የተመረኮዘው ጎንደርና አብዱራፊ ውስጥ በተደረገው ጥናት ላይ ነው። የሚመጣውም መድኃኒት ከመጀመሪያው ምዕራፍ ጀምሮ እዚያው፣ በእነዚያው ሕሙማን ላይ ይጠና።