ከቀሐ ማዶ ያለው ቤት

ጎንደር በሁለት ወንዞች መካከል የተቀመጠች ከተማ ናት፤ በምሥራቅ አንገረብ፣ በምዕራብ ቀሐ። በየዓመቱ ጥር 11 ቀን ሕዝቡ የሚረጭበት የፋሲለደስ መጠመቂያ ውኃውን የሚያገኘው ከቀሐ ነው። የሙስሊሙ ነባር ሰፈር አዲስ ዓለምም ከቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ቁልቁል፣ ወደ ወንዞቹ ወርዶ ነው የሚገኘው። በዚህ ወንዝ ዙሪያ ታቦትም ያልፋል፤ አዛንም ይሰማል። እኔን የሚያሳስበኝ እዚሁ የሚያድጉት የዐሥራ አምስትና የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጆች ጉዳይ ነው። ከተማይቱ የሃይማኖት ጠብን ለማብረድ በአራት መቶ ዓመት ውስጥ ብዙ መላ ሞክራለች። ልጅን ከሌላው ቤት አስገብቶ ማሳደር ግን ከሞከረች ገና ጥቂት ዓመቷ ነው።

ከመነሻዋ እንጀምር። ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. ገደማ ጎንደርን መቀመጫው ሲያደርግ አገሩ ከሃይማኖት ጦርነት ከወጣ ዐሥር ዓመት አልሞላውም ነበር። አባቱ ሱስንዮስ በኢየሱሳውያኑ ስብከት፣ በተለይም በፔድሮ ፓኤዝ ብልህነት ተስቦ እ.ኤ.አ. በ1622 ካቶሊክነቱን በይፋ አወጀ። ፓኤዝ በዚያው ዓመት ሞተ። በእግሩ የተተካው ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴስ ትዕግሥት አልነበረውም፤ ሕዝቡ ዳግም ይጠመቅ፣ ካህናቱ እንደገና ይካኑ፣ ግዝረትና የቅዳሜ ሰንበት ይቅር አለ። አገሩ ተነሣ። በ1624 ዓ.ም. በወይና ደጋ በሺዎች የሚቆጠር ገበሬ ካለቀ በኋላ ሱስንዮስ የቀደመው ሃይማኖት ይመለስ ብሎ አወጀ፤ ዙፋኑም ለልጁ ሆነ።

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረን የፈረንጅና የአበሻ ጠብ ተደርጎ ነው። የተከፈለው ግን አንድ ቤተሰብ ነበር። የሱስንዮስ ወንድም ራስ ሥዕለ ክርስቶስ ከንጉሡም በላይ ካቶሊክ ሆነ፤ ሌላው ወንድሙ የማነ ክርስቶስ ተቃወመ። አማቹ ዮልዮስ ሸፍቶ እ.ኤ.አ. በ1617 ከአቡነ ስምዖን ጋር ተገደለ። ልጁ ፋሲል አባቱ የገባበትን እምነት ከአገር አስወጣ። ጠቡ በአንድ ማዕድ ዙሪያ የተቀመጡትን ነው የለያየው። ስለዚህም ይመስለኛል ጎንደር ከዚያ ወዲህ ነገር ወደ ቤት እንዳይገባ በር መዝጋትን የመረጠችው።

ካቶሊኮቹ ሲወጡ አንድ ፕሮቴስታንት ገባ። የሉቤኩ ተወላጅ ፒተር ሃይሊንግ ከአዲሱ ጳጳስ ጋር ከግብፅ መጥቶ በፋሲል ቤተ መንግሥት የመኳንንት ልጆችን አስተማረ። ከእነዚያ ልጆች መካከል አባቶቻቸው በካቶሊኮቹ ዘመን በተቃራኒ ወገን የተሰለፉ ይኖሩ እንደሆን መገመት አያስቸግርም። ሰውዬው በሰላም ለዓመታት ኖረ። ምናልባት ብቻውን ስለነበረ፣ ከጀርባው ጦር የሚልክ ንጉሥ ስላልነበረም ይሆናል።

በር መዝጋቱ ሕግ የሆነው በፋሲል ልጅ በቀዳማዊ ዮሐንስ ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1668 በተደረገው ጉባኤ የፈረንጆቹ ወገን ወይ ወደ ተዋሕዶ እንዲገባ ወይ አገር እንዲለቅ ተወሰነ። ሙስሊሞችና ቤተ እስራኤላውያን ደግሞ ከክርስቲያኑ ተለይተው በየራሳቸው ሰፈር እንዲኖሩ ተደረገ። የሙስሊሙ አዲስ ዓለም፣ የቤተ እስራኤሉ ካይላ ሜዳ የዚህ ዘመን አሻራ አለባቸው። ይሁን እንጂ ከተማይቱ ያለ እነሱ አንድ ቀን አታድርም ነበር። ግንቡን የሚያነሡት፣ ብረቱን የሚቀጠቅጡት ቤተ እስራኤላውያን ናቸው፤ ከምፅዋና ከስናር ዕቃ የሚያመጡት ሙስሊም ነጋዴዎች ናቸው። አድያም ሰገድ ኢያሱ ታሞ ሐኪም ሲያሻው ካይሮ የላከው ሐጂ ዓሊ የሚባል ሙስሊም ነጋዴ ነበር። ፈረንሳዊው ሐኪም ፖንሴ እ.ኤ.አ. በ1699 ጎንደር የደረሰው በእሱ መሪነት ነው። ንጉሡ ነፍሱን ለሙስሊሙ አምኖ ሰጥቷል፤ ሰፈሩ ግን ለየብቻ ነው። ቀን በገበያ አንድ ላይ፣ ማታ ለየብቻ፤ ይህ ሥርዓት ለብዙ ትውልድ ደም ሳያፋስስ መኖሩን አልክድም። ከዚህ የዘለለ ነገር ግን አላስተማረም።

ሁለተኛው መላ ጉባኤ ነበር። በክርስቲያኑ መካከል ቅባትና ተዋሕዶ፣ ኋላም ጸጋ እየተባለ ስለ ክርስቶስ ባሕርይ በተነሣው ክርክር ሊቃውንት በንጉሥ ፊት ይቆማሉ፤ የረታው ይሾማል፤ የተረታው ይወገዛል። ክርክሩ ጥልቅ ነው፤ በዕውቀት ደረጃ የምንኮራበት ነው። ፍርዱ ግን ሁልጊዜ ከዙፋን ይወርድ ስለነበር ንጉሥ ሲለወጥ ይገለበጣል። እ.ኤ.አ. በ1721፣ በዳዊት ሣልሳዊ ዘመን፣ ፍርዱን አንቀበልም ያሉ የደብረ ሊባኖስ ወገን መነኮሳት እዚሁ ጎንደር ውስጥ ተገድለዋል።

ከመቶ ዓመት በኋላ ካቶሊክና ፕሮቴስታንት ራሳቸው ጎንደር ላይ ተገናኙ። ፕሮቴስታንቱ ሚሲዮናዊ ሳሙኤል ጎባት እ.ኤ.አ. በ1830 መጥቶ ከሊቃውንቱ ጋር ተከራከረ። በዐሥር ዓመቱ ካቶሊኩ ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስ ተከተለ። እ.ኤ.አ. በ1841 ከግብፅ የመጡት ወጣቱ አቡነ ሰላማ የተማሩት ካይሮ በነበረ የፕሮቴስታንት ሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። እሳቸውን ለማምጣት ከተላኩት አንዱ ግን ጎንደር የተማረው የጎጃሙ መነኩሴ አባ ገብረ ሚካኤል ነበር፤ በዚያ ጉዞ ከደ ያቆቢስ ጋር ተዋውቆ ኋላ ካቶሊክ ሆነ። ጳጳሱና ሊያመጣቸው የሄደው መነኩሴ እንዲህ ተለያዩ። እ.ኤ.አ. በ1854 ደ ያቆቢስና ገብረ ሚካኤል ጎንደር ላይ ታሰሩ፤ ገብረ ሚካኤል በዓመቱ ከነእግር ብረቱ ሞተ። ይህን ሳነብ ዘወትር የሚያሳዝነኝ አንድ ነገር አለ፤ መነኩሴው ጳጳሱን ሊያመጣ ያን ያህል ርቆ ሄዷል። ያ ጉዞ ብቻውን አላዳናቸውም።

ታዳጊዎችስ? ጎንደር ልጆችን በመቀበል የታወቀች ናት። ከላስታ፣ ከጎጃም፣ ከወሎ ለአቋቋም ወደ በአታ የሚመጣው የቆሎ ተማሪ ገና ጢሙ ያልበቀለ ልጅ ነው። ኪታብ ሊቀራ ወደ ወሎ፣ ወደ ዳና የሚወርደው ደረሳም እኩያው ነው። ሁለቱም ስንቃቸው ጥቂት ነው፤ በየመንገዱ ደጅ ይጠናሉ፤ ከማያውቁት ሰው ቤት ያድራሉ። አገራችን ልጅን ከቤቱ አውጥቶ በሰው አገር ማሳደግን ያውቅበታል ማለት ነው። የጎደለው አንድ ነገር ነው፤ የቆሎ ተማሪው የሚያድረው ከክርስቲያኑ ቤት፣ ደረሳው ከሙስሊሙ ቤት መሆኑ።

ሚያዝያ 18 ቀን 2014 ዓ.ም. የሆነውን ሳያነሡ ስለዚህ መጻፍ አይቻልም። ቀኑ ማክሰኞ፣ የፋሲካ ሦስተኛ ቀን፣ የረመዳን መገባደጃ ነበር። ጎንደር ላይ አንድ የሙስሊም አባት ሲቀበሩ በመስጊድና በቤተ ክርስቲያን መካከል ባለው መሬት የቆየው ውዝግብ ፈነዳ። ጠቡ ወደ ሌሎች ከተሞችም ተዛመተ። የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ጽሕፈት ቤት ቢያንስ 30 ሰው እንደሞተና ከ100 በላይ እንደቆሰለ መረጃ እንደደረሰው ገለጸ። ጎንደር ላይ መስጊዶች ተቃጠሉ፤ በአጸፋው በስልጤ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፣ ክርስቲያኖች ተገደሉ። በሁለቱም ጾም መፍቻ ሰሞን የሆነ መሆኑ ያንገበግባል። ሞቅ ባለ ወሬ ተነድቶ የሚወጣ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ወጣት ነው።

እዚህ ላይ በታዳጊዎች ተመሳሳይ ነገር የተሞከረባትን ሰሜን አየርላንድን አነሣለሁ። በዚያ ካቶሊክና ፕሮቴስታንት ሠላሳ ዓመት ያህል ተጋድለው 3,500 የሚጠጋ ሰው አልቋል። እ.ኤ.አ. በ1975 ኬሪ ዋተርስቶን የተባሉ የአንግሊካን ቄስ አልስተር ፕሮጀክት የሚባል ነገር ጀመሩ። ከ14 እስከ 16 ዓመት የሆናቸው ታዳጊዎች፣ እኩሌታው ካቶሊክ እኩሌታው ፕሮቴስታንት፣ በክረምት ለአንድ ወር አሜሪካ ይሄዳሉ። እያንዳንዱ እኩያው ካለበት አሜሪካዊ ቤተሰብ ጋር ይኖራል። ቀን አብረው ይሠራሉ፣ አብረው ይጫወታሉ፤ አንዱ በሌላው ቤተ ክርስቲያን ቁጭ ብሎ ጸሎቱን ያዳምጣል፤ ማታ ማታ ቤታቸው ውስጥ አፍ አውጥተው የማይናገሩትን ይነጋገራሉ። ለብዙዎቹ ከሌላው ወገን ልጅ ጋር ረጋ ብለው ሲያወሩ የመጀመሪያቸው ነው። ዕድሜውን ማስተዋል ይገባል፤ ዐሥራ አምስት ዓመት የታጠቁ ሰዎች ልጅ መመልመል የሚጀምሩበት ዕድሜም ነው።

ትችቱም እውነት ነበረው። ወሩ ሲያልቅ ልጁ ወደ ሰፈሩ ይመለሳል፤ የካቶሊኩ ወደ ካቶሊክ ትምህርት ቤት፣ የፕሮቴስታንቱ ወደ ሌላው። በመንገድ ቢተያዩ እንኳ ሰላም መባባል የሚያስፈራበት ሰፈር ብዙ ነበር። ይህን ያዩ ወላጆች እ.ኤ.አ. በ1981 ቤልፋስት ላይ ላጋን ኮሌጅን በ28 ተማሪ ከፈቱ፤ ሁለቱም ወገን አንድ ክፍል የሚማርበት ትምህርት ቤት ነው። ዛሬም በእንዲህ ያለ ትምህርት ቤት የሚማረው ከዐሥር ልጅ አንዱ አይሞላም። የሰላሙ ስምምነት በተፈረመ በአራት ወሩ፣ ነሐሴ 1998 እ.ኤ.አ.፣ ኦማ ከተማ በፈነዳው ቦምብ ከሞቱት 29 ሰዎች መካከል ለክረምት ከስፔን የመጣ ታዳጊ ተማሪ ነበረበት። ክረምት አብሮ ማሳለፍ ጋሻ እንደማይሆን ከዚህ በላይ የሚናገር የለም። ቢሆንም ከእነዚያ ልጆች መካከል አድገው አስተማሪ፣ የሰፈር ሽማግሌ፣ ወላጅ የሆኑ አሉ፤ ፍሬው ያለው እዚያ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

ለጎንደር ግን የቤልፋስትን ልብስ እንዳለ ማልበስ አይሆንም። የአዲስ ዓለሙ ልጅና የክርስቲያኑ ሰፈር የቀሐ ኢየሱሱ ልጅ ባዕድ አይደሉም። በአንድ ወንበር ተቀምጠው ይማራሉ፤ ኳስ አብረው ይጫወታሉ፤ እናቶቻቸው በሰርግና በለቅሶ ይገናኛሉ፤ ለሙስሊሙ እንግዳ ሙስሊም አርዶ ለብቻ ድስት ይጣዳል። ጉድለቱ የመገናኘት አይደለም። ወሬ በስልክ በመጣ ሌሊት፣ ደውዬ እውነቱን የምጠይቀው የወዲያኛው ቤት አባት አለኝ የሚል ልጅ ማጣት ነው። የክፍል ጓደኛ ለዚህ አይበቃም። ቤተሰብ ያስፈልጋል።

ይህንን ቤተሰብ ደግሞ ጎንደር ራሷ አዘጋጅታዋለች። በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ በየዩኒቨርሲቲው ግጭት ተነሥቶ፣ ወልዲያ ላይ ተማሪ ተገድሎ፣ ብዙ ልጅ ሻንጣውን ይዞ ወደ አገሩ ሲመለስ፣ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የቃል ኪዳን ቤተሰብን ይዞ ብቅ አለ። ከሩቅ ክልል የሚመጣው አዲስ ተማሪ ከአንድ የጎንደር ቤተሰብ ጋር ይተሳሰራል። ወላጅ ልጄ ነው ብሎ ይቀበላል፤ ልጁም በበዓል እዚያ ይሄዳል፣ ሲታመም ይጠየቃል፣ ሲመረቅ የቃል ኪዳን እናቱ አጠገቡ ትቆማለች። ነገሩ ከባህላችን ውስጥ የወጣ ነው፤ የጡት ልጅ፣ የክርስትና ልጅ፣ ጉዲፈቻ ያለው ሕዝብ ልጅ ማብዛት አይከብደውም። በ1947 ዓ.ም. በጤና ኮሌጅነት ተጀምሮ ተማሪውን በቡድን ወደ ጤና ጣቢያ እየላከ ከሕዝብ ጋር ያኖር ለነበረ ተቋምም አዲስ አይሆንበትም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ በተነሣው ጦርነት ወላጅ ልጁን ወደዚህ ለመላክ ሲሰጋ፣ እዚህ የሚያውቀው ሰው መኖሩ ምን ያህል እንደሚያጽናናው መገመት ይቻላል።

የቃል ኪዳኑ ልጅ ግን ዐሥራ ስምንትና ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ የመጣውም ከሩቅ ነው። እኔ የምለው ይኸው ቃል ኪዳን ሦስት ዓመት ዝቅ ብሎ፣ በከተማይቱ ውስጥ፣ ከሰፈር ወደ ሰፈር ይደረግ ነው። ክረምት ትምህርት ቤት ዝግ ነው። በየቀበሌው ወጣቱ የአረጋውያንን ቤት የሚያድስበት የበጎ ፈቃድ አገልግሎት አለ። ከአዲስ ዓለምና ከላይኛው የክርስቲያን ሰፈር አንድ አንድ ልጅ እየተጣመሩ የአንድ ሙስሊም አሮጊትና የአንድ ክርስቲያን አዛውንት ጣሪያ ቢያድሱ፣ ማታ አንዱ ከአንዱ ቤት ራት ቢበላ፣ ወላጆችም የቃል ኪዳን አባትና እናት ቢባሉ ለውጭ አገር ገንዘብ ደጅ የሚያስጠና ነገር የለበትም።

ከባዱ ማእድ ቤት ነው። የቤልፋስት ልጆች አንድ ሥጋ መብላት ይችላሉ፤ የእኛ ልጆች አይችሉም፤ ማንም እንዲበሉ ሊገፋፋቸው አይገባም። የወላጅ ጥርጣሬ የሚጀምረው እዚህ ላይ ስለሆነ ጉዳዩ አስቀድሞ በግልጽ መነገር አለበት። ለዚህ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ያለው ጾመ ፍልሰታ የተመቸ ነው። በክርስቲያኑ ቤት ሥጋ አይነሣም፤ ሽሮና ጎመኑን ሁለቱም ይበሉታል፤ ሙስሊሙም ቤት ለእንግዳው እንዲሁ ይሠራለታል። ክርስቲያኑ ልጅ ወደ ቅዳሴው፣ ሙስሊሙ ወደ ሶላቱ ይሄዳል። ስብከት አይገባበትም። ይህን ካህናቱና ኢማሞቹ ከወላጅ ፊት ቆመው ካልተናገሩት የሚልክ እናት አትገኝም፤ አትፈረድም።

አንድ ነገር ግን በልጆች ጫንቃ ላይ መጣል የለበትም፤ የመሬቱ ነገር። የ2014ቱ ጠብ የጀመረው በመቃብርና በቤተ ክርስቲያን ወሰን ነው። ወሰን የሚለካው በአዋቂዎችና በማዘጋጃ ቤት ነው። የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ ከቃል ኪዳን ወንድሙ ጋር ጭቃ እያቦካ አባቶች በድንበር ቢካሰሱ፣ ልጁ ከሁለት አንዱን ለመካድ ይገደዳል። ስለዚህ ልጆቹን ለክረምት የሚጠራ ሰው አስቀድሞ በየመካነ መቃብሩ የሚያወዛግበው ቦታ እንዲለካ፣ ካርታ እንዲወጣለት፣ የሁለቱም ወገን አባቶች እንዲፈርሙበት ይጠይቅ። ከጥር እስከ ሰኔ ያለው ጊዜ ለዚህ ይበቃል።