ከፋሬ ኬላ እስከ ቴሌግራም፤ የመንግሥት መልእክት ታሪክ በይፋት ቆላ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ደሴ የሚጓዝ መንገደኛ ደብረ ብርሃንን ካለፈ በኋላ፣ ብርዱ እየጸና ሄዶ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍ ብሎ ከሚገኘው ከጣርማ በር ሲደርስ፣ በኢጣልያ ወረራ ዘመን በተፈለፈለው ዋሻ ሾልኮ በደብረ ሲና ጠመዝማዛ ቁልቁለት መውረድ ይጀምርና፣ ቀኑ ሳይመሽበት 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ከተቈረቈረችው ከሸዋ ሮቢት ይገባል። ይህ ገደል የገብስን አገር ከማሽላና ከማሾ አገር እንደሚለይ ሁሉ፣ ከጥንት ጀምሮ አዛዡን ከታዛዡ፣ ዙፋኑን ከንግዱ ጐዳና ሲለይ ኖሯል፤ የሸዋ ነገሥታት መንበር በደጋው ሲሆን፣ ጨውና ጨርቅ ከባሕር ጠረፍ የሚመጣበት መንገድ ግን በይፋት ቆላ ነበርና። ስለዚህ ዛሬ በኮምፒዩተርና በእጅ ስልክ የሚፈጸመው የርቀት አስተዳደር ለዚህ ምድር እንግዳ አይደለም፤ መሣሪያው አዲስ ቢሆንም ጭንቁ ጥንታዊ ነው። ነገሩን ከሥሩ ለሚመረምር ሰው እንደሚገለጥለት፣ ሥልጣን በየዘመኑ የኖረው ከመልእክቱ ፍጥነት ይልቅ፣ መልእክቱ ከእጅ ወደ እጅ በሚተላለፍበት በር ላይ ከቆመው ሰው ዘንድ ነው።

በ14ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ይፋት በወላስማ ሥርወ መንግሥት የሚገዛ፣ ወደ ዘይላ ወደብ የሚወስደውን ጐዳና በእጁ የያዘ ሱልጣኔት ነበረ፤ ከከተሞቹም አንዷ የነበረችው የኖራ ፍርስራሽ እስከ ዛሬ በሸዋ ሮቢት አካባቢ ይታያል። በዓፄ ዓምደ ጽዮን ዘመን በደጋውና በቆላው መካከል ለተነሣው ታላቅ ጦርነት ምክንያት ከሆኑት ነገሮች አንዱ የመልእክተኛ ነገር ነበረ፤ የይፋቱ ገዥ ሐቀዲን፣ ከግብፅ በመመለስ ላይ የነበረውን የንጉሠ ነገሥቱን ልዑክ በመንገድ ይዞ አሰረው፣ በመጨረሻም ገደለው። ልዑክን መያዝ የላከውን መድፈር ነውና ንጉሡ ዘመተ። በዚያ ዘመን መልእክት ማለት ሥጋና ደም ያለው ሰው ስለ ነበረ፣ መስመር መቋረጡ የሚታወቀው በሰው ሞት ነበረ።

ከብዙ ዘመን በኋላ፣ ከ1805 እስከ 1840 ዓ.ም. በሸዋ የነገሠው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በአንኮበር ሲቀመጥ፣ የቆላውን በር የሚጠብቅለት ከጥንቶቹ የወላስማ ሱልጣኖች እወለዳለሁ የሚል ወላስማ መሐመድ የተባለ ሙስሊም ሹም ነበረ። ከታጁራ የሚመጣ ቅፍለት ከፋሬ ኬላ ሲደርስ፣ ነጋዴውም ልዑኩም ደብዳቤውም በዚህ ሰው እጅ ይወድቅ ነበር፤ የውጭ አገር ሰው ያለ ንጉሡ ፈቃድ ወደ ደጋው መውጣት አይችልም፤ ፈቃዱም ቢሆን የሚደርሰው ወላስማው እንግዳው መምጣቱን በላከው ቃል መሠረት ነበር። በ1833 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መንግሥት ተልኮ የመጣው ካፒቴን ሐሪስ ከነጓዙ በዚህ በር ላይ እንዲቆይ ተገድዶ ነበር፤ በኋላ ግን በኅዳር 1834 ዓ.ም. ከንጉሡ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ሊፈራረም በቅቷል። ንጉሡ በአንኮበር ሆኖ ስለ ቆላው የሚያውቀው ወላስማው ያሳወቀውን ያህል ነበርና፣ በስም ታዛዥ የሆነው የኬላ ሹም በግብር የንጉሡ ዓይንና ጆሮ ሆኖ ይኖር ነበር።

የመንግሥት ቃል ከላይ ወደ ታች ሲወርድ ግን ለብዙው ሕዝብ የሚደርሰው በነጋሪት ነበር። ዐዋጅ ነጋሪው የሚመርጠው ቦታ ሕዝብ በራሱ ጉዳይ የሚሰበሰብበትን ገበያ ነው፤ በአልዩ አምባ በየዓርቡ ደገኛው፣ አርጎባውና አፋሩ ተገናኝቶ እህሉን በጨው፣ ጨርቁን በከብት ሲለውጥ፣ ዐዋጁም ከሸቀጡ ጋር ተጭኖ ወደየመንደሩ ይበተን ነበር። ከታች ወደ ላይ የሚወጣው ቃል ግን እንዲህ የተደላደለ መንገድ አልነበረውም፤ የተበደለ ሰው አቀበቱን በእግሩ ወጥቶ፣ በአደባባይ ወይም በንጉሡ መንገድ ዳር ቆሞ «አቤት! አቤት!» እያለ መጮኽ ነበረበት። ሕዝቡ በገበያ መሰብሰቡን መንግሥት ለራሱ ቃል ማሰራጫ ሲያደርገው፣ የሕዝቡን ቃል ለመስማት ግን ተመጣጣኝ ሥርዓት አላቆመለትም።

በይፋት ምሥራቃዊ ወሰን የሚኖሩት አፋሮች በበኩላቸው፣ ንጉሥም ጸሐፊም የማያሻው፣ ዳጉ የሚባል የወሬ ሥርዓት ነበራቸው፤ እስከ ዛሬም አላቸው። ሁለት መንገደኞች በበረሃ ሲገናኙ፣ ጉዳያቸው ቢያስቸኩላቸውም እንኳ ቁጭ ብለው፣ ከየት እንደመጡ፣ ምን እንዳዩ፣ ከማን ምን እንደሰሙ፣ ዝናቡ የት እንደጣለ፣ ጠብ የት እንደተነሣ በተራ ይነጋገራሉ፤ የሰማው ሰውም ለሚቀጥለው መንገደኛ ያቀብላል። የዚህ ሥርዓት ጥንካሬ ከፍጥነቱ ይልቅ በሕጉ ላይ ነው፤ ተናጋሪው በዓይኑ ያየውን በጆሮው ከሰማው ለይቶ መናገር ይገባዋል፤ ሐሰት የጨመረ ሰውም በጎሣው ፊት ይጠየቅበታል። ስለዚህ በዳጉ ውስጥ እያንዳንዱ ሰው የበሩ ጠባቂ ነው፤ ጠባቂነቱም ከተጠያቂነት የተለየ አይደለም።

ዘመናዊው ሥርዓት በ1886 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ የፖስታ አገልግሎት ሲቋቋም ጀመረ፤ በ1945 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት መንግሥት የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ከተቋቋመ ወዲህም የስልክ መስመር በየአውራጃው እየሰፋ ሄደ። ይፋትና ጥሙጋ አውራጃ ከበላይ አካል ጋር የሚነጋገረው በማዞሪያ ስልክና በደብዳቤ በነበረበት ዘመን፣ የኬላውን ሹም ቦታ የወረሱት የስልክ ኦፕሬተሩና የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ናቸው። መዝገብ ቤትን የማመላለስና የማጉላላት ቤት አድርገው የሚነቅፉት ብዙዎች ቢሆኑም፣ አንድ ታላቅ ጥቅም እንደነበረው መካድ አይገባም፤ ገቢ ደብዳቤ ቁጥርና ቀን ይሰጠዋል፤ ወጪውም ማኅተምና ፊርማ አርፎበት፣ ግልባጩ ለማን እንደተላከ በግርጌው ተጽፎ ይወጣል። ባለጉዳዩ ቁጥሩን ይዞ «ይህ ደብዳቤዬ የት ደረሰ?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። አቤት ባይ ከጩኸት ወደ ቁጥር የተሻገረው በዚህ ነው።

በ1990ዎቹ ዓመታት መንግሥት ወረዳኔት የተባለውን መረብ ዘርግቶ ከ500 በላይ ወረዳዎችን በሳተላይትና በፋይበር መስመር ከክልልና ከፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ጋር አገናኘ፤ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችም በዚያው ሰሞን ከአንድ ማእከል የሚተላለፈውን የፕላዝማ ትምህርት መከታተል ጀመሩ። የወረዳ ሹማምንት ከጽሕፈት ቤታቸው ሳይርቁ በቪዲዮ ኮንፈረንስ የአለቆቻቸውን ፊት ሲያዩ፣ ቁልቁለቱ የጠፋ መስሎ ነበር። ነገር ግን ይህን መረብ ያጠናውና በ2016 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ ያሳተመው ኢጊኒዮ ጋልያርዶኔ እንዳስተዋለው፣ መረቡ በይበልጥ ያገለገለው የመሃሉን መንግሥት ቃል ወደ ዳር ለማድረስ ነው። የነጋሪቱ ጠባይ በመስታወቱ ላይም ታየ ማለት ነው።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ በአገራችን መገኘቱ በተነገረ በጥቂት ቀናት ውስጥ ብዙ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ከቤታቸው እንዲሠሩ ሲደረግ፣ የጤና ሚኒስቴር የየዕለቱን ቁጥር በፌስቡክ፣ በቴሌግራምና በትዊተር ያወጣ ጀመር። በታች ያሉት የዞን፣ የወረዳና የከተማ ኮሙዩኒኬሽን ጽሕፈት ቤቶችም የፌስቡክ ገጻቸውን እንደ አዲስ አደባባይ ይዘውታል፤ ሠራተኛው በበኩሉ በቴሌግራም ግሩፕ ይሰበሰባል፤ ትእዛዝ የተጻፈበት ደብዳቤ በስልክ ፎቶ ተነሥቶ ይለጠፋል፤ ሪፖርት በዚያው ይጠየቃል፤ የስብሰባ ጥሪም ከሥራ ሰዓት ውጪ በዚያው ይመጣል። ፍጥነቱ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን በግሩፕ የተላለፈ ቃል የመዝገብ ቁጥር የለውም፤ አስተዳዳሪው ሊሰርዘው ይችላል፤ ሠራተኛው ሲዛወር ስልኩን ይዞ ይሄዳል፤ ከገጹ ሥር አቤቱታ የጻፈ ገበሬም ጽሑፉን ማን እንዳነበበው፣ ማንስ እንዳጠፋው የሚጠይቅበት ቁጥር የለውም። የገጹ አስተዳዳሪ ሳያውቀው የወላስማ መሐመድን ወንበር ወርሷል።

ሕጉ ከልማዱ ቀድሞ ሄዷል ማለት ይቻላል፤ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤሌክትሮኒክ ግብይት ዐዋጅ ቁጥር 1205 ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ እውቅና ሰጥቷል፤ በዚያው ዓመት የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 1185 ደግሞ ሐሰተኛ መረጃና የጥላቻ ንግግር የሚያሰራጨውን በሕግ ያስጠይቃል። ይሁን እንጂ ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ከታወጀ በኋላ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ሲዘጋ፣ ሥራውን በግሩፕ ላይ ብቻ አቁሞ የነበረ ጽሕፈት ቤት ምን እንደሚያጣ ተገለጠ፤ መዝገብ ያለው ፋይሉን ሲገልጥ፣ መዝገብ የሌለው ግን ትእዛዙንም መልሱንም ከጠፋው መስመር ጋር አጣ።

እንግዲህ የይፋት ታሪክ ለርቀት ሠራተኛው መንግሥት የሚሰጠው ትምህርት ይህ ነው፤ ነጋሪቱን በማፍጠን ብቻ አስተዳደር አይሠለጥንም፤ ቃል ወደ ታች በወረደበት መንገድ መልሶ መውጣት ይገባዋል። ከዳጉ ያየነውን ከሰማነው መለየትንና ለተናገርነው መጠየቅን፣ ከመዝገብ ቤትም ለእያንዳንዱ አቤቱታ ቁጥርና ቀን መስጠትን ብንወስድ፣ የቴሌግራሙ ግሩፕ የመንግሥት ሥራ መሣሪያ ለመሆን ይበቃል። ይህ ሥርዓት የሚጀምረው ደግሞ ከአዲስ አበባ ወይም ከባሕር ዳር መመሪያ እስኪመጣ ሳይጠበቅ፣ በቀወት ወረዳ ወይም በሸዋ ሮቢት ከተማ ገጹን የሚያስተዳድረው አንድ ሠራተኛ ዛሬ የደረሰውን አቤቱታ በመዝገብ ጽፎ ቁጥሩን ለባለቤቱ ሲመልስለት ነው።