ያገለገለ ስቴሽን ዋገን ለመጀመሪያ መኪና፦ ብር ከመክፈላችሁ በፊት የሚታዩ ነገሮች

ዕቁብ ወጥቶላችሁ፣ ዓመታት አጠራቅማችሁ ወይም ከቤተሰብ ተበድራችሁ የመጀመሪያ መኪናችሁን ልትገዙ ከሆነ ይቺን ጽሑፍ ሴቭ አድርጉ። ብዙዎቻችሁ "ስቴሽን ብገዛስ?" ትሉናላችሁ። መልሳችን አጭር ነው፤ ጥሩ ምርጫ ነው። ግን ስቴሽን ስትገዙ እስከዛሬ የተሸከመውን ጭነትና የያዘውን ወረቀት ጭምር ነው የምትገዙት። ሁለቱንም እንያቸው።

ለምን ጥንቃቄው በዛ?

በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ ሀገር እንዳይገቡ መከልከሉን ይፋ አደረገ። ከዚያ በፊትም በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ባረጁ መኪኖች ላይ ታክሱን እስከ 500 በመቶ አድርሶት ነበር። ስለዚህ ዛሬ ገበያ ላይ የምታገኟቸው የቤንዚን ስቴሽኖች በአብዛኛው እዚሁ ሲዞሩ የቆዩ፣ ሁለት ሦስት ባለቤት ያዩ ናቸው። ከተሳሳታችሁ ሌላ ለመግዛት ደግሞ ስንት ዓመት ማጠራቀም እንዳለባችሁ እናንተው ታውቃላችሁ።

የትኛውን ስቴሽን ነው የምንለው?

ስቴሽን ዋገን ሲባል ብዙ ሰው ትልልቆቹን ላንድክሩዘሮች ያስባል። እኛ የምናወራው ስለ ትንንሾቹ ነው፤ ከአውቶሞቢል ጋር አንድ ዓይነት ሆነው ጣሪያቸው እስከ ኋላ የሚሄድ፣ የኋላ በራቸው ወደ ላይ የሚከፈት። የድሮው ኮሮላ ዲኤክስ ስቴሽን፣ እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ የተሠራው ካልዲና፣ በ2000 የመጣው ኮሮላ ፊልደርና በ2002 የመጣው ፕሮቦክስ የዚህ ቤተሰብ ናቸው።

በፊልደርና በፕሮቦክስ ላይ የሚገኘው 1.5 ሊትር ሞተር ከቪትዝ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። ይሄ ትልቅ ነገር ነው፤ መለዋወጫውም የሚያውቀው መካኒክም ብዙ ነው ማለት ነው። ይህ ሞተር የሚዞረው በሰንሰለት ነው። የካልዲና ሞተሮች ግን በብዛት የታይሚንግ ቺንጋ ያላቸው ናቸው። ቺንጋ በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ ገደማ መቀየር አለበት። ሻጩ መቼ እንደተቀየረ ካላወቀ፣ እንዳልተቀየረ ቁጠሩትና ወጪውን ከዋጋው ላይ ተከራከሩበት።

1. ከኋላ ጀምሩ

ሰው መኪና ሲያይ መጀመሪያ ኮፈን ይከፍታል። ስቴሽን ላይ ግን ከኋላ ጀምሩ። ይሄ መኪና ሲሚንቶም፣ ጀሪካንም፣ የጤፍ ጆንያም ጭኖ ሊሆን ይችላል።

ባዶውን ሜዳ ላይ አቁሙትና ትንሽ ራቅ ብላችሁ ከጎን እዩት። ምንም ሳይጫንበት ኋላው ዝቅ ካለ ባሌስትራው ወይም ሞላው ደክሟል። የኋላውን ጥግ በእጃችሁ ተጭናችሁ ልቀቁት፤ ደጋግሞ ከዘለለ አሞርዛተሩ አልቋል።

ቀጥሎ ምንጣፉን አንሱና ስኮርታ ጎማው የሚቀመጥበትን ጉድጓድ እዩ። ዝገት፣ የተጨማደደ ላሜራ ወይም የብየዳ ምልክት ካለ መኪናው ከኋላ ተመትቶ ነበር ማለት ሊሆን ይችላል። ፖርቶ መጋላ ካለው የታሰረበትን ቦታ እዩ፤ ጣሪያው ላይ ውሃ የሚያስገባው እዚያ ጋ ነው።

የኋላ በሩን ጎማ አትለፉት። ጎማው ከተቀደደ አቧራ ብቻ ሳይሆን የማርሚታ ጭስም ወደ ውስጥ ይስባል። ጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ ግን ይገድላል። ከኋላ ሕፃን ለምታስቀምጡ ይሄ ቀልድ አይደለም።

2. መሪው ተቀይሯል?

ለጃፓን ገበያ የተሠሩት መኪኖች መሪያቸው በቀኝ ነው። እኛ ጋ የሚነዱት ወደ ግራ ከተቀየሩ በኋላ ነው። በደንብ የተቀየረ አለ፣ እንደነገሩ የተቀየረም አለ። ዋይፐሩን አስነሱ፤ በሾፌሩ በኩል ሳይጠርግ የሚተወው ሰፊ ቦታ ካለ ወይም የፍሬቻው ማንሻ በመሪው ቀኝ በኩል ከሆነ የተቀየረ መሆኑን ጠርጥሩ። ተቀይሯል ብላችሁ አትሽሹ፤ ግን መካኒኩ የመሪውን ማያያዣዎችና የፍሬኑን ሥራ ከስር ገብቶ ይይላችሁ። ቀጥ ያለ መንገድ ላይ መሪውን ለአፍታ ላላ አድርጋችሁ ያዙት። ወደ አንድ ወገን ይጎትታል? ፍሬን ስትይዙስ?

3. ሞተሩን በጠዋት እዩት

"መጥታችሁ እስክታዩት አሙቄ ልጠብቃችሁ" ለሚል ሻጭ "አይ፣ አታስነሳው" በሉት። የሞተር ችግር የሚታየው ቀዝቅዞ ሲነሳ ነው።

ሰማያዊ ጭስ ከወጣ ዘይት እየበላ ነው፤ ፋሻው ሊሆን ይችላል። ጥቁር ከሆነ ቤንዚን በዝቶበታል። ነጭ ጭስ ጠዋት ለጥቂት ደቂቃ ቢታይ ችግር የለውም፤ ሞተሩ ከሞቀም በኋላ ካልቆመ ግን ውሃ ወደ ውስጥ እየገባ ሊሆን ይችላል። የዘይቱን ክዳን ክፈቱ፤ ከስሩ ማኪያቶ የመሰለ ነገር ካለ የቴስታታ ጉርኒሲዮን ጣጣ ነውና ተዉት።

ከዚያ ሦስት አራት ጓደኛ ጭናችሁ ዳገት ውጡበት። አዲስ አበባ ያላችሁ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ሞክሩት። የሙቀት መለኪያው ከመሃል ካለፈ፣ ወይም ሞተሩ እየጮኸ መኪናው ካልሄደ (ፍሪሲዮን!) መልሱን አግኝታችኋል። ባዶ መኪና ሜዳ ላይ ሁሌም ጥሩ ይነዳል።

ዳሽቦርድ ላይ ያለውን ኪሎ ሜትር አትመኑ፤ ይቀነሳል። የፍሬን ፔዳሉን ጎማ፣ የመሪውን ልብስና የሾፌሩን ወንበር እዩ። 80,000 ኪሎ ሜትር ብቻ የሄደ መኪና ፔዳሉ ተልጦ ብረት አይሆንም።

4. ወረቀቱ

እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው የሚያለቅሰው። የተበላሸ ሞተር ይሠራል፤ ወረቀቱ የተበላሸ መኪና ግን ሙሉ በሙሉ ከእጃችሁ ሊወጣ ይችላል።

ሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲና የሞተር ቁጥር መኪናው ላይ ካለው ጋር አንድ በአንድ አመሳክሩ። ዙሪያው ተፍቆ ወይም ተበይዶ ከሆነ አትንኩት። መኪናው የተመዘገበበት መሥሪያ ቤት ሄዳችሁም እግድና ዕዳ እንደሌለበት አረጋግጡ። ከቀረጥ ነጻ የገባ ከሆነ ቀረጡ ሳይከፈል ስም ማዛወር አትችሉም።

ሻጩ ባለትዳር ነው? በ1992ቱ የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ መሠረት ዋጋው ከ500 ብር በላይ የሆነ የጋራ ተንቀሳቃሽ ንብረት ለመሸጥ የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል። ስለዚህ ባልም ሚስትም ይፈርሙ። ያላገባ ከሆነ ማስረጃውን ጠይቁ።

"ስም ማዛወሩ ይቆይና በውክልና ንዳው" የሚለውን ነገር በጭራሽ አትቀበሉ። ውክልና ባለቤት አያደርግም። ወካዩ በማንኛውም ጊዜ ሊሽረው ይችላል፤ ከሞተም በመርህ ደረጃ ውክልናው ያበቃል። ያኔ ሙሉ ብር ከፍላችሁ ከወራሾች ጋር ፍርድ ቤት ትቆማላችሁ።

ቀብድም ቢሆን በጽሑፍና በምስክር ይሁን። በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ከተወ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ከተወ ደግሞ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ቀሪውን ብር ውልና ማስረጃ ስትፈራረሙ፣ በባንክ ክፈሉ።

5. ብሩን ሁሉ አትጨርሱት

ከገዛችሁ በኋላ የስም ማዛወሪያ፣ ቦሎ፣ ዘይትና ፊልትሮ፣ ምናልባትም ጎማና ባትሪ አለ። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት የሦስተኛ ወገን መድን ግዴታ ነው። ልብ በሉ፤ ይህ መድን በሌላ ሰው ላይ ለምታደርሱት ጉዳት እንጂ ለራሳችሁ መኪና አይከፍልም። ኪሳችሁን ባዶ የሚያደርግ ፊልደር ከመግዛት፣ ለጥገና ብር የሚያስተርፍ ዲኤክስ መግዛት ይሻላል ባይ ነን።

የመጨረሻ ምክራችን፦ መካኒኩን እናንተ ምረጡት፤ ሻጩ ወይም ደላላው "የምናውቀው ጋራዥ አለ" ቢሏችሁ አመስግናችሁ እለፉ። የደላላውንም ኮሚሽን መኪናውን ከማየታችሁ በፊት ተነጋገሩ። "ሌላ ሰው ሊወስደው ነው፣ ዛሬ ወስኑ" ከተባላችሁ ደግሞ ይውሰደው። ሌላ ስቴሽን ይገኛል።

መኪና ሊገዛ የተነሳ ጓደኛ ካላችሁ ላኩለት።