የቅጠል ሒሳብ

በኡራኤልና በካዛንችስ ሻይ ቤቶች በየማለዳው ሻዩን የሚያማስል ሰው፣ ስኳሩ ከወዴት እንደ መጣ ቢጠየቅ «ከወንጂ፣ ከመተሐራ» ብሎ ይመልሳል። መልሱ ስሕተት የለበትም፤ ነገር ግን ሙሉ አይደለም። ፋብሪካ ስኳርን ከአገዳው ጨምቆና አጣርቶ ይለያል እንጂ አይሠራም። ሠሪው ቅጠል ነው። ቅጠል ምን ያህል ስኳር እንደሚሠራ አስልቶ ለማወቅ ግን የሰው ልጅ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ደክሟል። የዚህ ድካም ታሪክ መዝገብ ለሚይዝ ሰው ሁሉ ትምህርት ያለበት ስለ ሆነ ባጭሩ እንመልከተው። የውጭ አገሩን ታሪክ ዘመን የምንጠቅሰው በፈረንጆች አቈጣጠር ነው።

የብራስልሱ ሐኪም ያን ባፕቲስታ ፋን ሄልሞንት 200 ፓውንድ ደረቅ አፈር መዝኖ በትልቅ ዕቃ ውስጥ አደረገና 5 ፓውንድ የሚመዝን የአኻያ ችግኝ ተከለበት። ከውኃ በቀር ምንም አልጨመረም። ከአምስት ዓመት በኋላ ቢመዝን ዛፉ 169 ፓውንድ ያህል ሆኖ ሳለ ከአፈሩ የጐደለው 2 አውንስ ያህል ብቻ ነበር። ስለዚህ ዛፉ በሙሉ ከውኃ የተሠራ ነው ሲል ፈረደ፤ ይህም ከሞተ በኋላ በ1648 ታትሞ ወጣ። የሚያስደንቀው ነገር፣ «ጋዝ» የሚለውን ቃል ለዓለም ያበረከተው ይኸው ሰው መሆኑ ነው። ከሰል ሲነድ የሚወጣውን፣ ዛሬ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የምንለውን አየር አስተውሎት ነበር። ሆኖም የዛፉን አካል የገነባው እርሱ መሆኑን ስላላወቀ ከሒሳቡ አላገባውም። ሚዛኑ አልዋሸም፤ ከሚዛኑ ላይ የቀረ ነገር ነበረ እንጂ።

የጐደለውን ሌሎች አንድ በአንድ አሟሉት። እንግሊዛዊው ፕሪስትሊ በ1771 ሻማ ነዶ ያበላሸውን አየር የናና ቅጠል እንደሚያድሰው አሳየ። የሆላንዱ ተወላጅ ኢንገንሆውስ በ1779 ይህን ሥራ የሚሠራው የተክሉ አረንጓዴ ክፍል ብቻ፣ እርሱም በብርሃን ብቻ መሆኑን ገለጠ። የጄኔቫው ደ ሶሲር በ1804 ተክሉንም አየሩንም አብሮ መዘነ፤ ክብደቱ የሚጨምረው ከአየርም ከውኃም መሆኑን አረጋገጠ። በ1884 ደግሞ ጀርመናዊው ዛክስ የቅጠሉን ግማሽ በማለዳ ቈርጦ አድርቆ መዘነ፤ ሌላውን ግማሽ ፀሐይ ሲሞቅ ከቈየ በኋላ እንዲሁ አደረገ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ቅጠሉ በእነዚያ ሰዓታት ያተረፈው ነው።

ዛሬ ሒሳቡ ለተማሪም ቀላል ነው። በብርሃን አስተፃምሮ 264 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ108 ግራም ውኃ ጋር ሲዋሐድ 180 ግራም ግሉኮስና 192 ግራም ኦክሲጅን ይገኛል፤ ገቢና ወጪው እኩል 372 ግራም ነው። በዚሁ መንገድ ብናሰላ፣ ለአንድ ኩንታል ስኳር አገዳው 154 ኪሎ ግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድና 58 ኪሎ ግራም ያህል ውኃ ወስዶ 112 ኪሎ ግራም ያህል ኦክሲጅን ይለቃል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ በአየር ውስጥ እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ፣ ይህን ለማግኘት ከ200,000 ሜትር ኩብ የሚበልጥ አየር መጣራት አለበት። ነገር ግን ይህ የተጣራው ትርፍ ብቻ ነው። ተክሉም እንደ ደመወዝተኛ ለኑሮው የሚያወጣው አለ፤ ሌሊትም ቀንም ይተነፍሳልና ከሠራው ስኳር ከፊሉን ራሱ ያቃጥለዋል።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በአዋሽ ወንዝ ዳር የሆላንድ ኩባንያ ያቋቋመው የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሥራ የጀመረው በ1946 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ የስኳር ሒሳባችን በኩንታል ይጻፋል። ይሁን እንጂ ሸንኰራ አገዳ ብቻውን አይደለም። በ1966 እ.ኤ.አ. ሃችና ስላክ የተባሉ ሊቃውንት በአውስትራሊያ አገዳን ሲመረምሩ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከብዙ ተክሎች በተለየ መንገድ እንደሚይዝና ይህም በሙቀትና በብርቱ ፀሐይ እንደሚጠቅመው አብራሩ። በቈሎና ማሽላ፣ የራሳችንም ጤፍ፣ ከዚሁ ወገን ናቸው፤ ስንዴና ገብስ ግን አይደሉም። እንጀራችን የአገዳ የሥራ ባልደረባ ነው ማለት ነው።

እንግዲህ ምርትን የሚጽፍ ባለሥልጣን፣ የሚያስተምር መምህርና የሚማር ወጣት ከአኻያው ታሪክ አንድ ነገር ይያዙ። ፋን ሄልሞንት አምስት ዓመት በትዕግሥት ጠብቆ፣ በትክክል መዝኖ ሳለ የተሳሳተው ያልታየውን ነገር እንደሌለ ስለ ቈጠረ ነው። እኛም የዛፍን ዋጋ በማገዶውና በጣውላው ብቻ ስንተምን፣ የወሰደውን አየርና የመለሰልንን ኦክሲጅን ከመዝገብ ውጭ እናስቀራለን። መዝገብ የሚታመነው ቍጥሩ ስላማረ ሳይሆን ምንም ያላስቀረ ሲሆን ነው።